ማንም ያልሞተበት ለቅሶ

መካነ ሰላም ገበያ ዳር፣ ከልብስ ስፌት መኪናዋ ድምፅ በላይ የራሷ ድምፅ የሚሰማ ሴት ካጋጠመቻችሁ እኔ ነኝ። ከድጃ እባላለሁ። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣን ሰው የልጆቹን ስም፣ የሚስቱን ጤንነት፣ የላሚቱን መውለድ ሳልጠይቅ አልሸኘውም። ባለቤቴ እንድሪስ አናጢ ነው፤ ዝምተኛ። የሰፈራችን ሰዎች «እንድሪስ ዝም የሚለው ተራ ስላልደረሰው ነው» ብለው ይስቁበታል። ሐሰት አይደለም።

ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ በኋላ የምተርክላችሁ ሴት እኔን ስለማትመስል ነው።

በልጅነቴ፣ እንደ አገራችን ልጆች ሁሉ፣ ሳዑዲ ሄጄ ሠርቼ ተመልሻለሁ። መጥቼ የስፌት መኪናዬን ገዛሁ፣ እንድሪስን አገባሁ፣ ልጃችንን ሃያትን ወለድኩ። እኔ ስመለስ ታናሽ ወንድሜ ሰይድ ሄደ፤ እስካሁን ሪያድ ነው። እናትና አባታችን ቀድመው ስላረፉ አክስታችን ናት ያሳደገችን፤ ከዚያ እሱ ለእኔ፣ እኔ ለእሱ ሆነን ነው የቀረነው። ጁምዓ ጁምዓ ይደውላል። እኔ አወራለሁ፣ እሱ ይስቃል፣ ካርዱ ያልቃል፣ እንሰነባበታለን።

ነገሩ የጀመረኝ ምንም ባልጎደለኝ ዓመት ነው። ሱቄ ሰው በሰው ነበር። እንድሪስ ቤታችንን አድሶ ጨርሷል። ሃያት መማር ጀምራለች። ታዲያ በዚያ ሁሉ መሐል እንቅልፌ ጥሎኝ ሄደ። ቀጥሎ እህል ሰጋቱራ ሰጋቱራ ይለኝ ጀመር። የትምህርት ቤት መክፈቻ ደርሶ ወላጅ ሁሉ ዩኒፎርም ሲያሰፋ፣ እኔ ጨርቁ ላይ በጠመኔ መስመር አሰምርና መቀሱን ይዤ እቀመጣለሁ። መቁረጥ አቃተኝ። የት ጋ እንደሚቆረጥ እያየሁት፣ መስመሩ ፊቴ እያለ፣ እጄ አልታዘዝ አለኝ።

ወሬውም ጠፋኝ። ደንበኛ ሲመጣ «እሺ» እላለሁ፣ ሲሄድ «እሺ» እላለሁ። ሰው ደነገጠ። አንዱ ዓይን ነው አለ፣ ሌላው ከአረብ አገር ተከትሏት የመጣ ሲህር፣ ድግምት ነው አለ። የመስጊዳችን ታላቅ ሸህ ኡመር እየመጡ ዱዓ አደረጉልኝ። ጎረቤቴ እትዬ ደብሬ በጀሪካን ጠበል አመጡልኝ፤ እሱንም ጠጣሁ። ለሁለቱም ጀሊሉ ይስጣቸው፤ በሰዓቱ ልቤ ትንሽ ቀለል ይልና ማግስቱን እዚያው እገኛለሁ።

አንድ ቀን እንድሪስ ከብዙ ማሰብ በኋላ፣ «ሆስፒታሉ ውስጥ የአእምሮ ሐኪም አለች አሉ» አለኝ።

«አብደሻል ነው የምትለኝ?»

«አላልኩም።»

«ታዲያ ምን ልላት ነው? ባሌ አይመታኝ፣ ልጄ አልታመመች፣ ጦሜን አላደርኩ። ምን ሆንሽ ብትለኝ ምን ልበል?»

  የከረምኩበት ነገር ይኸው ነው፤ ምክንያት የሌለው ሰው መታመም የሚችል አይመስለኝም ነበር። ሐዘን ያለ ሟች ይኖራል እንዴ? እያልኩ ራሴን እሰድባለሁ። ደጋግሞ ሲጠይቀኝ ደጋግሜ እምቢ አልኩት። ለማንም ያልነገርኩት ደግሞ ይህን ነው፦ እየቆየ ሲሄድ «እኔ ባልኖር ለእነሱም ይቀላቸው ነበር» የሚል ሐሳብ ይመላለስብኝ ጀመር። ሐሳቡ ሲመጣ አያስደነግጠኝም፤ እንደ ቤተኛ ገብቶ ይቀመጣል።

አሁን ነገሩ ወደፈነዳበት ጠዋት ልውሰዳችሁ።

ብርዱ ገና አልለቀቀም። ስነሳ እንድሪስ ግቢውን ሲጠርግ አየሁት። እንድሪስ በተጋባንበት ዘመን ሁሉ መጥረጊያ አንስቶ አያውቅም። ከወርክሾፑ አግዳሚ ወንበሮች አምጥቶ ሳሎን ውስጥ ደርድሯል።

«ሥራ የለህም ዛሬ?» አልኩት።

«አለ። ቆይቼ እሄዳለሁ።»

«ሃያትስ?»

«ጎረቤት ሄዳለች። እዚያ ትጫወት።»

ስልኬን ብፈልግ የለም። «ስልኬን አይተኸዋል?»

«እኔ ጋ ነው» አለ ወደ መሬት እያየ። «ትንሽ እኔ ጋ ይቆይ።»

አንባቢዎቼ፣ የእኛን አገር የማታውቁ ካላችሁ እዚህ ላይ ቆሜ ላስረዳችሁ። በእኛ ወረዳ በቦረና አረብ አገር ሰው የሌለው ቤት ብዙ የለም። ሞት ሲመጣም በስልክ ነው የሚመጣው፤ ከባለቤቱ በፊት ጎረቤት ይሰማዋል። ታዲያ መርዶ እስኪነገር ድረስ የሰውየውን ስልክ ቀድሞ መሰወር ነው፤ በድንገት ከአፍ እንዳይሰማ። ልጆች ከቤት ይወጣሉ። መቀመጫ ይዘጋጃል። ጠዋት፣ ሰውየው ከቤት ሳይወጣ፣ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ይመጣሉ። ቁርስ በልቶ እንደሆነ ይጠይቃሉ፤ በባዶ ሆድ መርዶ አይነገርም። ጠንከር ያለች ሴት ደግሞ አጠገቡ ትቀመጣለች፤ ሲወድቅ እንድትይዘው። እኔ ራሴ ስንት ቤት እንዲህ አጠገብ ተቀምጬ ሰው ይዣለሁ።

ስለዚህ እንድሪስ መሬት መሬት ሲያይ፣ አግዳሚው ላይ ቁጭ አልኩ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ቤቶች!»

ሸህ ኡመር ነበሩ፤ ጋቢያቸውን ተከናንበዋል። ከኋላቸው አያ ሙሄ ገቡ። አያ ሙሄ የቅሬያችን ዳኛ ናቸው። ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፤ በሰፈራችን እስላም ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ ነው የሚቀባበረው። ከእሳቸው ኋላ እትዬ ደብሬ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው። እትዬ ደብሬ ቀጥ ብለው መጡና አጠገቤ ተቀመጡ። እጄን ያዙ።

«ከድጃ ልጄ፣ እንደምን አደርሽ? በአፊያ አደርሽ?» አሉ ሸህ ኡመር።

«አልሐምዱሊላህ።»

«ቁርስ ቀማምሰሻል?»

 አያ ሙሄን አየኋቸው፤ ከእኔ ዓይን ሸሽተው ጣሪያውን ያያሉ። እንድሪስ በሩ ላይ ቆሟል። አንድ እጁ ኪሱ ውስጥ፣ ስልኬ ያለበት ኪስ ውስጥ ነው።

ሸህ ኡመር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ ሰው ሆኖ የማይፈተን የለም። አላህ የሚወደውን ባሪያውን ነው የሚፈትነው። እኛም ዛሬ እንዲህ በጠዋት የመጣነው ለአንድ ሀጃ፣ ለአንድ ጉዳይ ነው። ልብሽን አበርቺና ስሚን...»

ሌላ መስማት አላስፈለገኝም። በዚያች ቅጽበት፣ ከመጮኼ በፊት፣ አንድ ነገር በውስጤ አለፈ። እሱን ቆይቼ ነው የምነግራችሁ፤ አሁን ቢሆን ትፈርዱብኛላችሁ።

«ሰይድ!» ብዬ ጮኽኩ። «ወንድሜን! ወንድሜን!»

«ኧረ አይደለም! ከድጃ፣ አይደለም!» አለ እንድሪስ። ግን በሕይወቱ ጮኾ የማያውቅ ሰው በዚያን ሰዓት ድምፁ ከየት ይምጣ?

ይባስ ብሎ እትዬ ደብሬ የሰይድን ስም ሲሰሙ ደረታቸውን መቱ። ሰይድን በልጅነቱ ያቀፉት ናቸው። ለካ «ሌሎቹ የሚያውቁት፣ እኔን ደብቀውኝ የመጡት ነገር አለ» ብለው አስበው ኖሯል። «ልጄን! ሰይዴን! ምነው ሳትነግሩኝ!» እያሉ ከእኔ ብሰው አረፉት። አያ ሙሄም ግራ ተጋብተው ወደ ሸህ ኡመር ዞሩ፤ «ሸህ፣ እርስዎ ሰምተው ነበር?» አሉ። ሸህ ኡመር ደግሞ ወደ እንድሪስ ዞሩ።

የሰፈሬ ሰው እንዲህ ያለ ድምፅ ሲሰማ አይጠይቅም፤ ይሮጣል። ትንፋሽ እስክንወስድ ግቢው ሞላ። ሴቶቹ እያነቡ ገቡ፣ ወንዶቹ ራሳቸውን ይዘው በአጥሩ ዙሪያ ቆሙ። ያንን የእንድሪስን ንጹሕ ግቢ ያየ ሁሉ «አዎን፣ ተዘጋጅተውበታል» ብሎ አረጋገጠ። የቅሬው ጎረምሶች ድንኳን ሊያመጡ ሮጡ። ስልክ ያለው ሁሉ ስልኩን አወጣ፤ ወሬው ወደ ከላላም፣ ወደ አቀስታም፣ ባሕር ተሻግሮም ሄደ።

ሸህ ኡመር በር ላይ ወጥተው፣ «ዝም በሉ! ዝም በሉ እንጂ!» ብለው ጮኹ።

ሕዝቡ ግን «በሃይማኖታችን ሙሾ አይፈቀድም» ማለታቸው መሰለው። ስለዚህ ታዘዘና ድምፁን ቀንሶ፣ ጨዋ በሆነ መንገድ ማልቀሱን ቀጠለ።

«ወላሂ ማንም አልሞተም!» አሉ ሸሁ።

«እውነታቸውን ነው፣ ሰማዕት አይሞትም» አለች አንዲት ሴት እንባዋን እየጠረገች።

እኔ ይህን ሁሉ በኋላ ነው የሰማሁት። በዚያን ሰዓት ወደ ግቢው ወጥቼ መሬት ላይ ነኝ፤ ከሆዴ የሚወጣው ለቅሶ የእኔ አይመስለኝም። ስንት ጊዜ ማልቀስ ፈልጌ እምቢ ብሎኝ የከረመው እንባ መውጫ አግኝቶ ይወርዳል።

ከዚያ የእንድሪስ ኪስ ጮኸ።

ስልኬ ነው። አውጥቶ አየው፣ ወደ እኔ በሰው ላይ እየተሻገረ መጣ፣ ጆሮዬ ላይ አደረገው። ድምፁ ከፍ ያለ ስለነበር አጠገቤ ያለው ሁሉ ሰማ።

«ከድጃ?» አለ ሰይድ። «ከድጃ፣ እኔ ሞቻለሁ እንዴ?»

ሴቶቹ ነጠላቸውን ከፊታቸው አነሱ።

«እንቁላል እየጠበስኩ የአገር ልጆች የቤት ጓደኞቼን ሊያጽናኑ መጡ» አለ ሰይድ። «በሩን የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ። አንደኛው ሲያየኝ ደረጃውን ወርዶ ሮጠ። ምን አድርጌያችሁ ነው?»

መጀመሪያ የሳቁት እትዬ ደብሬ ናቸው። ፊታቸው በእንባ እንደራሰ ሳቁ አመለጣቸው። ከዚያ አያ ሙሄ፣ ከዚያ ሴቶቹ፣ ከዚያ አጥሩ ላይ ያሉት ወንዶች። ድንኳኑን ተሸክመው የደረሱት ጎረምሶች ነገሩ ሲገባቸው የድንኳኑን እንጨት ጥለው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። አንዲት ሴት ለለቅሶው ብላ ያመጣችውን ንፍሮ ታድላለች፤ «በሕይወት ላለውም ይበላል!» ትላለች። ሸህ ኡመር ሳይቀሩ ጢማቸውን ይዘው ይንቀጠቀጣሉ።

እኔ ግን አልቆምኩም።

ወንድሜ በሕይወት እንዳለ ሰምቻለሁ። ድምፁን ሰምቻለሁ። ተረድቻለሁ። እንባው ግን አልቆመም፤ እንዲያውም ባሰበት። ሰዉ መጀመሪያ የደስታ ለቅሶ መሰለው። ቀስ በቀስ ሳቁ ከቅርቤ ጀመረና እየራቀ ጠፋ። የሁሉም ዓይን እኔ ላይ ወደቀ። ሰይድ በስልክ «ሃሎ? ሃሎ?» ይላል።

«እንደውልልሃለን» ብሎ እንድሪስ ዘጋው።

አያ ሙሄ ሰዉን በዓይናቸው ጠቀሱና ግቢው ተለቀቀ፤ ግን ሩቅ የሄደ የለም፤ ከአጥሩ ውጭ ቆመ። ሸህ ኡመር በእርጅናቸው መሬት ላይ፣ ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

«ልጄ» አሉ፣ «ሰይድ አለ። አሁን የምታለቅሺው ለማን ነው?»

«አላውቅም» አልኩ። «ወላሂ አላውቅም፣ ሸህ።»

«እኛም የመጣነው ለዚሁ ነው። 'አላውቅም' ለምትዪው ነው የመጣነው። እንድሪስ ቤታችን ድረስ መጥቶ አለቀሰ። 'ለእኔ እምቢ ብላለች፣ እናንተ ንገሩልኝ፤ ትታከምልኝ' አለን። ከባድ ነገር የሚነገርበትን ሌላ መንገድ አናውቅማ። ጠዋት ነው፣ ሽማግሌ ነው። ያስደነግጣታል ብሎ ያሰበ ከመሐላችን ጠፋ።»

እንድሪስን አየሁት። በተጋባንበት ዘመን ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም፤ ለእነሱ ግን አልቅሷል።

ያን ጊዜ ነው ቆይቼ እነግራችኋለሁ ያልኳችሁን ነገር የተናገርኩት።

«ሸህ፣ አንድ ነገር ልናገር። ሲገቡ ሰይድ ሞተ ብዬ ሳስብ... ከመጮኼ በፊት... እፎይ አልኩ።»

አያ ሙሄ ጠጋ አሉ።

«ወንድሜን ጠልቼ አይደለም። ከሱ የምወደው የለኝም። ግን 'በቃ፣ የማለቅስበት ምክንያት አገኘሁ፤ ከእንግዲህ ማንም ምን ሆንሽ አይለኝም' ብዬ ቀለለኝ። በወንድሜ ሞት ቀለለኝ። እኔ ምን ዓይነት ሰው ሆኛለሁ?»

ያወግዙኛል ብዬ ጠበቅሁ። እትዬ ደብሬ እጄን ይበልጥ ጨበጡ። «አብሽሪ» አሉኝ። «ይህን የምትናገሪው አንቺ አይደለሽም። ሕመሙ ነው። እኔ አንቺን አውቅሻለሁ፤ ይህችኛዋን አላውቃትም።»

 ሸህ ኡመር አፋቸውን ከፍተው በጣታቸው አንድ ባዶ ቦታ አሳዩኝ። «ይህ መንጋጋዬ ሲያመኝ ዱዓ ያላደረግሁበት ወቅት የለም» አሉ። «ለሰውም አስደርጌያለሁ። በመጨረሻ ደሴ ሄጄ አስነቀልሁት። ዱዓዬ አልደረሰም ማለት ነው? ደርሷል እንጂ! ጥርስ ነቃዩን የሰጠኝ ማን ሆነና? ለአንቺም ዱዓዬን አላቋርጥም። አንቺ ደግሞ ታከሚልኝ።»

«በሰው ፊት እንዴት ሆስፒታል እሄዳለሁ? ምን ይሉኛል?» አልኩ፤ የለመድኩት መልስ ነበር። አፌ ላይ ሳይደርቅ ግን ቀና ብዬ አየሁ። በአጥሩ እንጨቶች መሐል የማየው ዓይን ብቻ ነው። የሰፈሩ ሰው በሙሉ መሬት ላይ ስንከባለል አይቶኛል፣ ያለ ሟች ሳለቅስ ሰምቶኛል። ከዚህ በላይ ምን የሚያዩት ቀረ? ከማንስ ነው የምደበቀው?

አያ ሙሄ ተነሱ። «እኛ ሰው እንሸኛለን፤ ሥራችን ነው» አሉ። «እስከዛሬ የሸኘነው ሁሉ አልተመለሰም። እስቲ ዛሬ የሚመለስ ሰው እንሸኝ።»

ሄድን። ሸህ ኡመርን በባጃጅ አሳፈርናቸው፤ እኔ በእንድሪስና በእትዬ ደብሬ መሐል በእግሬ ሄድኩ። ከኋላችን የሚከተለውን ሕዝብ አያ ሙሄ «እናንተ ተመለሱ» ቢሉት ከፊሉ ብቻ ተመለሰ። ሆስፒታሉ በር ላይ ስንደርስ የጥበቃው ሰው አደጋ የደረሰ መስሎት አልጋ ለማስመጣት ሮጠ።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ በአእምሮ ሕክምና የሠለጠነች ነርስ፣ ሲስተር ትዕግስት ትባላለች። በረንዳውን የሞላውን ሰው አየችና፣ «የታመመው የትኛው ነው?» አለች።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ያን ቃል ስናገረው የመጀመሪያዬ ነበር። ማንም ሳይመልስልኝ፣ በራሴ አፍ። ትንሽ ቃል ናት፤ ግን ከብዙ ወራት በኋላ ስለራሴ የተናገርኩት የመጀመሪያ እውነት ስለነበረች ከወገቤ ቀና ያልኩ መሰለኝ።

ብቻዬን አስገባችኝ። ስለ እንቅልፌ፣ ስለ ምግቤ፣ ስለ ሥራዬ ጠየቀችኝ። መቀስ ይዤ ስለምቀመጠው ነገርኳት። ስለ እፎይታው ነገርኳት። ከዚያም፣ ትኩሳት አለሽ ወይ ብላ እንደምትጠይቅ ያህል፣ «ሕይወትሽን የማጥፋት ሐሳብ መጥቶብሽ ያውቃል?» አለችኝ። ድምፅዋ አልተለወጠም፤ ብዕሯም አልቆመም። ስለዚህ እውነቱን መለስኩላት። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ያ ሐሳብ ለሰው የሚነገር አይመስለኝም ነበር። ተነገረ፤ ጣሪያው አልተደረመሰም።

«ድባቴ ይባላል» አለችኝ። «በሽታ ነው። ይታከማል።»

«ግን ምክንያት የለኝም እኮ።»

«ቆላ ወርዶ ወባ የያዘውን ሰው 'ምን ጎድሎህ ነው?' ትይዋለሽ?»

«አልለውም።»

«ይህም እንደዚያው ነው። አንዳንዱ ከሐዘን በኋላ ይይዘዋል፣ አንዳንዱን ምንም ሳይጎድለው። ለመምጣት ምክንያት አያስፈልግሽም ነበር።»

እንድሪስን አስገብታ ለብቻዬ እንዳይተወኝ ነገረችው፤ ቀጠሮዬንም አቀረበችው። መድኃኒቱ እንደ ራስ ምታት ክኒን በዕለቱ እንደማይሠራ፣ ሳምንታት እንደሚፈልግ፣ ተሽሎኛል ብዬም በራሴ እንዳላቋርጥ አስጠነቀቀችኝ። እየመጣሁ እንድናወራም ቀጠረችኝ። «ማውራት ትችያለሽ?» አለችኝ። እንድሪስ በዚያ ሁሉ ጭንቀት ውስጥ ፈገግ አለ።

ወዲያው ዳንኩ ብዬ አልዋሻችሁም። መጀመሪያ ላይ አፌን አደረቀኝ፣ አፈዘዘኝ እንጂ ሌላ ያየሁት ለውጥ አልነበረም። ልተወው ብዬ ነበር፤ እትዬ ደብሬ በየጠዋቱ በሬ ላይ ቆመው «ዋጥሽ?» ይሉኛል፤ ካልዋጥኩ አይሄዱም። እየቆየ እንቅልፍ መጣ። ከዚያ ሽሮው ሽሮ ሽሮ ማለት ጀመረ። አንድ ቀን ደግሞ አንዱ ደንበኛ «ኮሌታው ጠሟል» ብሎ ተከራከረኝ። አልጠመመም! «አንገትህ ነው የጠመመው!» ብዬ ተነስቼ ሜትሬን ዘርግቼ ገበያውን አደባለቅሁት። ዞር ስል እንድሪስ መላጊያውን ይዞ ከወርክሾፑ መጥቶ ቆሟል። ምን ሆነህ ነው ብለው መልስ የለውም፤ ቆሞ ስጣላ ያየኛል፣ ይስቃል። እንደዚያን ቀን ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ አንድ ነገር ልበላችሁ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ልብስ ሰፊ ነኝ። ግን ከእኔ ተማሩ። ሰው ያዝናል፣ ይከፋዋል፣ እንቅልፍ ያጣል፤ ያ ሁሉ በሽታ አይደለም። ነገር ግን ሳምንት አልፎ ሳምንት ሲተካ ካልለቀቃችሁ፣ የምትወዱት ሥራ ከእጃችሁ ካመለጠ፣ ራሳችሁን ለራሳችሁ ካጣችሁት፣ «እኔ ባልኖር» የሚል ሐሳብ ደግሞ አንድ ጊዜም ቢሆን ከመጣ፣ ምክንያት አትፈልጉ። እኔ ምክንያት ስፈልግ ወንድሜን ልቀብር ነበር። ያ የመጨረሻው ሐሳብ ሲመጣ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዕለቱ ለሰው ንገሩ፣ በዕለቱ ሂዱ። ዱዓውንም ጸሎቱንም አትተዉ፤ መንገድ ላይ እያላችሁ ማድረግ ይቻላል።

የሰው ቤት ሄዳችሁ እንዲህ ያለ ነገር የምትነግሩ ከሆነ ደግሞ፣ ስለ አላህ፣ ከሰዓት ሂዱ። ስልኩንም አትውሰዱበት።

ባለፈው ዓመት ከላላ ያለችው አክስቴ አረፈች። እናታችን ከሞተች በኋላ እኔንና ሰይድን ያሳደገችን እሷ ናት። ሸህ ኡመር፣ አያ ሙሄ፣ እትዬ ደብሬ በጠዋት መጡ። እንድሪስ ስልኬን ይዞታል። በሩ ላይ ሳያቸው ሦስቱም ፈሩኝ፤ ማን እንደሚጀምር እርስ በርስ ተያዩ። እኔ ነኝ የጀመርኩላቸው፤ «ዛሬ የእውነት ነው?» አልኳቸው። ሸህ ኡመር «አዎ» እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ።

አለቀስኩ። ጮኼ አለቀስኩ። ከላላ ድረስ ሄጄ ቀብሯ ላይ አለቀስኩ፤ በቅሎ ላይ ሆኜ አለቀስኩ። ውስጤን ደጋግሜ ፈተሽኩት፤ የትም ቦታ እፎይታ አልነበረም፤ ንጹሕ ሐዘን ነው። በሰልስቱ አንዲት ዘመዳችን አክስቴ በወጣትነቷ ባሏን በጅራፍ ገበያ ለገበያ ስላባረረችበት ቀን ስታወራ ሳቅ አመለጠኝ። ሳቄን ሰማሁት። ቀጥሎ ራበኝ፤ በላሁ። ማታም ተኛሁ።

ጠዋት ስነቃ አክስቴ ትዝ አለችኝና እንደገና አለቀስኩ። ቆይቶ ግን፣ አልሐምዱሊላህ፣ በራሱ ቆመ።